ግብርሽን ያበዛው መጣኔው አይደለም

የአንባቢ ደብዳቤ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። በሥራ ቀን ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እሠራለሁ፣ አስተምራለሁም። ከሦስት ዓመት በፊት ሄርመታ አካባቢ አነስ ያለች የጥርስ ክሊኒክ ከፈትኩ። ቀን ቀን የቀጠርኩት ዶክተር ይይዛታል፤ እኔ ማታ ማታና ቅዳሜ እገባለሁ። ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነኝ፤ ሙሉ የሂሳብ መዝገብ መያዝ አለብኝ። ሂሳብ የሚሠራልኝ ሰው በዓመት አንዴ፣ ጥቅምት ላይ ይመጣና የተገኘውን ደረሰኝ በፌስታል ሰብስቦ ይሄዳል። አሁን ገቢዎች ከወጪዬ ግማሽ ያህሉን ውድቅ አድርጎ የግብር ውሳኔ ላከልኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ይህን ያህል ትርፍ እጄ ላይ ኖሮ አያውቅም። ባልደረቦቼ “ማን ሁሉንም ደረሰኝ ይቆርጣል? ሞኝ አትሁኚ” ይሉኛል። ክሊኒኩን በእናቴ ስም አዙሪው ያለኝ አለ፤ ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) አድርጊው የሚልም አለ። ግብር መክፈል አልጠላም። ግን ጊዜ የለኝም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ከታካሚ ጋር ነኝ። ምን ይመክሩኛል?

ዶ/ር መ.፣ ከጅማ

ምላሽ

ዶክተር፣ “ጋሼ” ብለሽኛልና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ስለ ዕቅድ ከማውራታችን በፊት የውሳኔ ደብዳቤውን አውጪና የደረሰሽን ቀን እዪ። በግብር አስተዳደር አዋጁ መሠረት በውሳኔ የማይስማማ ግብር ከፋይ ቅሬታውን የሚያቀርበው ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ፣ ጥሩ ማስረጃ ይዘሽ ብትሄጂ እንኳ የሚሰማሽ ማግኘት ይከብድሻል። ቅሬታው በጽሑፍ ይሁን። “በዛብኝ” ማለት ብቻውን ቅሬታ አይደለም። የትኛው ወጪ፣ ስንት ብር፣ በየትኛው ማስረጃ ብለሽ ዘርዝሪው። ያመንሽበትን የግብር መጠን ደግሞ ክፈይ፤ ያልተከራከሩበትን ሳይከፍሉ የሚቀርብ ቅሬታ ተቀባይነት የለውም። ባንዴ መክፈል ካቃተሽ የክፍያ ጊዜ እንዲራዘምልሽ ወይም በየወሩ እንድትከፍዪ አመልክቺ። ይህ በሕግ የተፈቀደ ነው። ብዙ ሰው ለመጠየቅ ያፍርና ከዘመድ ይበደራል፣ ወይ ዝም ብሎ ቅጣትና ወለድ ያስቆጥራል። አንቺ አትፈሪ፤ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። “ይህን ያህል ትርፍ እጄ ላይ ኖሮ አያውቅም” ያልሽውን አምንሻለሁ። ገንዘቡ እጅሽ ላይ የሌለው በእርግጥ ወጥቶ ስላለቀ ነው። ገቢዎች ግን የወጣውን ብር አላየም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀት የሌለው ወጪ እንደ ትርፍ ይቆጠርብሻል፤ ሄዶ ባለቀ ብር ላይ ግብር ትከፍያለሽ። የሐኪሞችን ሂሳብ ሳይ የማገኘው ነገር በአብዛኛው ይኸው ነው። ሁሉም ስለ መጣኔው፣ ማለትም ስለ ግብሩ መቶኛ ያማርራል። የሚጎዳቸው ግን ማስረጃ ያልተያዘለት ወጪ ነው።

ከቤት ኪራይ እንጀምር። በደብዳቤሽ ላይ ስለ ኪራይ አላነሳሽም፤ ግን በየከተማው የለመድነውን ነገር አውቃለሁ። አከራዩ በወር 40 ሺህ ብር ይቀበላል፤ ውሉ ላይ 15 ሺህ ይጻፋል። ተከራዩም “ቤቱን ካገኘሁ ምን ቸገረኝ” ብሎ ይፈርማል። የአንቺም እንደዚህ ከሆነ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በወር ያልተጻፈው 25 ሺህ ነው፤ በዓመት 300 ሺህ። ትርፍሽ ከፍተኛው እርከን ላይ ከደረሰ በዚህ 300 ሺህ ላይ 35 በመቶ ይታሰብብሻል። 105 ሺህ ብር ማለት ነው። ለዚህ ብር ግብር መክፈል የነበረበት አከራይሽ ነው፤ የምትከፍይለት ግን አንቺ ነሽ።

አከራዩን ቁጭ ብለሽ አነጋግሪው። “እውነተኛውን ከጻፍኩ ጨምሪ” ይልሽ ይሆናል። ቶሎ እምቢ አትበዪ፤ አስቢው። በወር 8 ሺህ ጨምረሽ 48 ሺህ ቢሆንና ሙሉው ውል ላይ ቢሰፍር፣ ኪራዩ በዓመት 96 ሺህ ይጨምርብሻል። ግን ቀድሞ 180 ሺህ ብቻ የነበረው ሕጋዊ ወጪሽ 576 ሺህ ይሆናል። የጨመረው 396 ሺህ ነው፤ 35 በመቶው 138,600 ብር። 96 ሺውን ቀንሺው፤ ጨምረሽ ከፍለሽም 42,600 ብር ይተርፍሻል። እንቅልፍሽ ሳይቆጠር። ክፍያውን ደግሞ በባንክ ከክሊኒኩ ሂሳብ ወደ አከራዩ ሂሳብ አስተላልፊ እንጂ በእጅ አትስጪ።

ሁለተኛው የዕቃ ግዢ ነው። የጥርስ መሙያው ኮምፖዚት፣ ማደንዘዣው፣ ጓንቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ ስምሽና ስልክሽ በማርከር ተጽፏል፤ ውስጡ ደረሰኝ የለም። ብሩን በቴሌብር ልከሻል። ያንን የቴሌብር መልእክት ለኦዲተር ብታሳዪው “ለማን እንደላክሽ አየሁ፤ ምን እንደገዛሽ ግን በምን ልወቅ?” ይልሻል፤ እውነቱን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሕጉ አንድ ይሁን። በክሊኒኩ ስምና በግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥር የተቆረጠ ደረሰኝ ካርቶኑ ውስጥ ከሌለ ቀሪው ክፍያ አይላክም። አቅራቢው ያለ ደረሰኝ ቅናሽ አለው ካለሽ ቅናሹ ከ35 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ የሚከስረው ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ክራውን (የጥርስ ሽፋን) እና ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራልሽ የላቦራቶሪ ቴክኒሻንም እዚሁ ይገባል። በጥርስ ክሊኒክ አንዱ ትልቅ ወጪ እሱ ጋ ነው፤ ደረሰኝ የማይጠየቀውም እሱ ነው። ስለምንተዋወቅ። ንግድ ፈቃድና ቲን ካለው ሰው ጋር ሥሪ። የምታውቂው ልጅ ጎበዝ ሆኖ ፈቃድ ከሌለው እንዲያወጣ እርጂው፤ ለእሱም ይበጀዋል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ከካሽ ሬጂስተር የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው። መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ስታወጪው ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ሂሳብ ሠራተኛሽ ጥቅምት ላይ በፌስታል ከሚሰበስበው ውስጥ ስንቱ እንዲህ እንደሆነ አንድ ቀን ቁጠሪው። ደረሰኙ በመጣበት ዕለት ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ከዋናው ጋር ስቴፕል አድርጊው፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ሰነድ ለብዙ ዓመት መቀመጥ አለበት፤ ያ ወረቀት አንድ ዓመት መድረሱንም እንጃ።

ወደ ቀጠርሽው ዶክተር ልምጣ። በግል ክሊኒክ ደመወዝ የሚነገረው “በተጣራ” ነው። “30 ሺህ የተጣራ” ተባብላችሁ ትስማማላችሁ። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ (ፔሮሉ) ላይ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ አነስ ያለ ቁጥር ነው፤ የቀረው በእጅ ይሰጣል። በእጅ የሰጠሽው ለአንቺ ወጪ ሆኖ አይያዝልሽም። ከደመወዝ ላይ ቀንሰሽ ማስገባት የነበረብሽ ግብርም በኦዲት ሲገኝ የሚጠየቀው ቀጣሪው ነው፤ ማለትም አንቺ። ሁለት ጊዜ ትጎጃለሽ።

በ2017 በተሻሻለው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ በወር እስከ 2,000 ብር ያለ ደመወዝ ግብር የለበትም፤ ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚህ መጣኔ ሠራተኛው 30 ሺህ ብር በእጁ እንዲገባ፣ 7 በመቶ ጡረታውም ተቆርጦ፣ ጠቅላላ ደመወዙ ወደ 48,190 ብር ይሆናል። የአንቺ የአሠሪ ጡረታ 11 በመቶ ሲጨመር ያ ሰው በወር 53,500 ብር ገደማ ያወጣሻል። ይህን ቁጥር ከመቅጠርሽ በፊት ማወቅ አለብሽ። ስትደራደሪም በጠቅላላ ደመወዝ እንጂ በተጣራ አትደራደሪ። ከባድ ነው፤ ግን ሙሉው በወጪ ይያዝልሻል፣ ልጁም ነገ ጡረታ አለው፣ ባንክ ብድር ሲጠይቅም የሚያሳየው ደመወዝ ይኖረዋል። የወሩ የደመወዝ ግብር ደግሞ በሚቀጥለው ወር ውስጥ መግባት አለበት። እሱን እስከ ጥቅምት ማቆየት አይቻልም።

የጥርስ ወንበር ስለመግዛት ብዙ ሐኪም የተሳሳተ ነገር ያምናል። “ሰኔ ላይ ማሽን ብገዛ የዓመቱ ግብር ይጠፋል” ይባላል። አይጠፋም። ወንበርና ኤክስሬይ ቋሚ ንብረት ናቸው፤ ዋጋቸው የሚቀነሰው በእርጅና ተቀናሽ በየዓመቱ ተከፋፍሎ ነው። በቀጥተኛው ዘዴ ለእንዲህ ያለ ዕቃ 15 በመቶ ነው፤ ለኮምፒውተር 20። የ600 ሺህ ብር ወንበር በዓመት 90 ሺህ ብር ይቀንስልሻል፤ የግብር ዓመቱ በሚያልቅበት ሰኔ ላይ ከገዛሽው ደግሞ የዚያ ዓመት ድርሻው ለቀሩት ቀናት ብቻ ነው። ስለዚህ ወንበር የሚገዛው ታካሚ ስለበዛ እንጂ ግብር ስለበዛ መሆን የለበትም። ያገለገለ ወንበር ከሰው እጅ ስትገዪም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንና የሽያጭ ሰነዱን አብረሽ ተቀበዪ። ሰነድ የሌለው ወንበር መዝገብሽ ላይ የለም፤ እርጅናውም አይያዝልሽም።

ስለ ቫት በአጭሩ። የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። ይህ ግን ከትርፍ ግብር ነፃ ያደርግሻል ማለት አይደለም፤ ደረሰኝ ከመቁረጥም አያድንም። ዕቃ ስትገዪ የከፈልሽውን ቫትም ተመላሽ አትጠይቂበትም። የዕቃው ዋጋ አካል ሆኖ ወጪ ውስጥ ይገባል፤ ሂሳብ ሠራተኛሽ እንዳይረሳው ንገሪው።

ሌላው፣ አንቺ ሁለት ዓይነት ገቢ ነው ያለሽ። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ የደመወዝሽ ግብር እዚያው ተቆርጦ ወደ ፌዴራል ይሄዳል። በስምሽ ያለችው ክሊኒክ ግን የግለሰብ ነጋዴ ስለሆነች ለክልሉ ናት፤ የምትስተናገጂውም በከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት በክልሉ አዋጅ ነው። ደመወዝና የንግድ ትርፍ በሕጉ የተለያየ ሠንጠረዥ ስላላቸው ተደምረው አይታሰቡም። ያ ይጠቅምሻል። እኔ ከዚህ በታች የማሰላልሽ በፌዴራሉ መጣኔ ነው። ለክሊኒክሽ ዘንድሮ የሚሠራበትን ሠንጠረዥ ከጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ውሰጂና ግድግዳሽ ላይ ለጥፊው።

ፒኤልሲ ያሉሽ ሰዎች የሚያስቡት ይህን ነው፤ ድርጅት 30 በመቶ ይከፍላል፣ ግለሰብ 35። አዲሱ የንግድ ሕግ ከ2013 ጀምሮ በአንድ ሰው ብቻ ኩባንያ ማቋቋምም ይፈቅዳል። ግን 35 በመቶው የሚጀምረው በዓመት ከ168,000 ብር በላይ ባለው ትርፍ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው አነስተኛ መጣኔ አለው። በጥቅሉ ሲሰላ፣ ትርፉ ከዚያ ሲያልፍ የግለሰብ ግብር የትርፉ 35 በመቶ ተይዞ ከእሱ ላይ 24,600 ብር ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ከኩባንያው 30 በመቶ ጋር እኩል የሚሆነው ዓመታዊ ትርፍ 492 ሺህ ብር ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ከሆንሽ ፒኤልሲው ያከስርሻል። በላይ ብትሆኚም ትርፉን ከኩባንያው ወደ ኪስሽ ስታወጪ በትርፍ ድርሻ ላይ ሌላ ግብር አለ። ፒኤልሲ የሚጠቅምሽ ሸሪክ ስታስገቢ፣ ትርፉን ሳታወጪ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ልትከፍቺበት ስታስቢ ነው። ለግብር ብቻ ብለሽ አትግቢበት።

በእናትሽ ስም ማዞሩን ተዪው። የሙያ ፈቃዱ የአንቺ፣ ታካሚው የአንቺ፣ ብሩ የሚገባው ወደ አንቺ ነው። ነገ ኦዲት ሲመጣ ስለ ላቦራቶሪ ወጪና ስለ እርጅና ተቀናሽ የሚጠየቁት እናትሽ ይሆናሉ። ወንድምና እህት ካሉሽ ደግሞ አንድ ቀን ክሊኒኩ የውርስ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ሲለያይ አይቻለሁና ከልቤ ነው የምልሽ።

ደረሰኝ አትቁረጪ ለሚሉሽም መልስ አለኝ። አሁን ብዙ ታካሚ የሚከፍለው በስልክ ነው። ቴሌብር ላይ፣ ባንክ ላይ የገባው ሁሉ ተመዝግቧል። መዝገብሽ ከባንክሽ ጋር አልገጥም ሲል ኦዲተሩ ወጪሽንም ማመን ያቆማል። ደግሞ ታካሚሽ ደረሰኝ ይገባዋል። መሥሪያ ቤቱ የሚመልስለት አለ፤ ያሰራው ጥርስ ቢወልቅ ይዞ የሚመጣው ያንን ነው። በዚህ ላይ ጥርት ያለ አቋም ይኑርሽ። ለሁሉም ቁረጪ፣ ለዘመድም።

“ጊዜ የለኝም” ላልሽው፣ የሚያስፈልግሽ ብዙ ጊዜ አይደለም። ሥራውን ለሦስት አከፋፍዪው።

ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ በየማታው አንድ መስመር ትጻፍ። የዛሬ ገቢ በጥሬ፣ በቴሌብር፣ በባንክ፤ የዛሬ ወጪ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር። ክሊኒኩ የራሱ የባንክ ሂሳብና በራሱ ስም የነጋዴ ቴሌብር ይኑረው። ታካሚ ወደ ግል ስልክሽ እንዲልክ ከእንግዲህ አትፍቀጂ። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት አስቤዛም ከዚያ ሂሳብ አይውጣ። ብር ስትፈልጊ ወደ ግል ሂሳብሽ አስተላልፊና ከዚያ ተጠቀሚ።

አንቺ ቅዳሜ የመጨረሻውን ታካሚ ከሸኘሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በዪ። የሳምንቱን ስድስት መስመር እዪ፣ የጎደለ ደረሰኝ ካለ ለአቅራቢው ደውዪ። በሳምንቱ የጎደለ ደረሰኝ ይገኛል፤ በዓመቱ ግን አቅራቢውም ሱቅ ቀይሮ ይሆናል።

ከዚያው ሳትነሺ ከሳምንቱ ገቢ የግብሩን ድርሻ ወደ ሌላ የቁጠባ ሂሳብ አውጪ። ለምሳሌ ዓመታዊ ትርፍሽ 900 ሺህ ቢሆን ግብሩ 290,400 ብር ነው፤ በወር 24,200። ግን እኩል እኩል አድርገሽ አታስቀምጪ፤ ጅማ ነሽና። ከኅዳር እስከ ጥር የቡና ብር በከተማው ሲዞር ታካሚ ይበዛል። ዓመት ሙሉ ሕመሙን በቅርንፉድ ያስታገሰ ገበሬ ልጆቹን ሁሉ ይዞ የሚመጣው ያኔ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ወንበሩ ባዶ ይውላል። የአንቺ የግብር ቀን የመጨረሻው ጥቅምት 30 ነው። ያ ማለት እንቁጣጣሽም መስቀልም የትምህርት ቤት ምዝገባም ኪስሽን ካራቆቱት በኋላ፣ የቡናው ብር ግን ገና ሳይገባ። ብዙ የጅማ ነጋዴ በጥቅምት የሚበደረው ለዚህ ነው። ስለዚህ በቋሚ ብር ሳይሆን በመቶኛ አስቀምጪ። ያለፈው ዓመት ግብርሽ ከጠቅላላ ገቢሽ ስንት በመቶ እንደነበር አስወጪ፤ ከየሳምንቱ ገቢ ያንኑ መቶኛ ቁረጪ። ታኅሣሥ ላይ ብዙ፣ ነሐሴ ላይ ትንሽ ይሆናል፤ ጥቅምት ሲደርስ ግን ሞልቶ ይጠብቅሻል።

ሦስተኛው ሥራ የሂሳብ ሠራተኛው ነው። በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው ያለፈውን ይመዘግባል እንጂ የሚመጣውን አያስተካክልም። በየወሩ እንዲመጣ ተነጋገሪ፤ ክፍያውን ብትጨምሪለትም ያዋጣል፤ እሱም በደረሰኝ። ሲመጣ ሦስት ነገር አሳይቶሽ ይሂድ። የወሩ የደመወዝ ግብርና ጡረታ የገባበትን ደረሰኝ፣ እስካሁን ያለውን ትርፍና የሚጠበቀውን ግብር፣ ማስረጃ የጎደላቸውን ወጪዎች ዝርዝር። ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አሳክመው ሲከፍሉሽ ቀንሰው የሚያስቀሩትን ቅድመ ግብር ደረሰኝም ይሰብስብ፤ ከዓመቱ ግብርሽ ላይ ይታሰብልሻል፣ ወረቀቱ ከጠፋ ግን ይቀራል። ሚያዝያ ላይ የዘጠኝ ወሩን ሂሳብ አብራችሁ ተመልከቱ። ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት ለማስተካከል ሁለት ወር ይቀራችኋል። በዚህ ካልተስማማ ሌላ ሰው ፈልጊ፤ ሂሳብ መሥራት የሚችሉ ወጣቶች ጅማ ውስጥ ሞልተዋል።